ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት ለመሆን፦ ማስተርስ፣ ዶክትሬት ወይስ መጀመሪያ ረዳትነት?

ትዕግስት ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ሙያ የምትሠሩ ወይም የምትማሩ ካላችሁ እባካችሁ ምክር ስጡኝ። አገር ቤት በፐብሊክ ሄልዝ ዲግሪ ይዣለሁ። በዲቪ መጥቼ አሁን ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ አንደኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ገና ዴይኬር ናት። ዘመድ ጓደኛው ሁሉ "ነርሲንግ ግቢ" ይለኛል። ነርሲንግን ጠልቼ አይደለም፣ ግን ሥራ ቦታ ከማያቸው ባለሙያዎች ሁሉ ልቤን የወሰዱት ኦቲዎቹ፣ ማለትም የተጎዳ ሰው የዕለት ተዕለት ነገሩን ራሱ እንዲሠራ የሚያስለምዱት ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስቶች ናቸው።

ስትሮክ መቷቸው አንድ ወገናቸው አልታዘዝ ያላቸው አንድ አባት አሉ። እኛ ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን አልብሰናቸው ወደሚቀጥለው ክፍል እንሮጣለን፣ ጊዜ የለማ። ኦቲዋ ስትመጣ ግን አጠገባቸው ቁጭ ብላ ራሳቸው እንዲለብሱ ታስተምራቸዋለች። ሲለበስ የታመመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ ሲወለቅ የታመመው መጨረሻ ይወጣል። ቀላል ይመስላል። ግን ከሳምንታት በኋላ ሰውየው ማንንም ሳይጠሩ ለብሰው ሲወጡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር በቃል አልገልጸውም። እኔም መሥራት የምፈልገው ይሄንን ነው።

አሁን ግራ የገባኝ፣ የአገር ቤት ዲግሪዬ ይቆጠራል ወይስ ከዜሮ ልጀምር ነው? አንዱ ትምህርት ቤት ማስተርስ ይላል፣ ሌላው ዶክትሬት፣ "ማስተርሱ በ2027 ይቀራል" የሚልም አንብቤ ደንግጫለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ "መጀመሪያ ረዳት ሁኚ፣ ኦቲኤ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው" አለችኝ። የገንዘቡ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። የምታውቁትን ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ቤዛ ቨርጂኒያ፦

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ሪሃብ (ማገገሚያ) ሆስፒታል ውስጥ ኦቲ ነኝ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የ2027ቱ ወሬ አሮጌ ነው። የኦቲ ትምህርት ቤቶችን እውቅና የሚሰጠው አኮቲ የሚባለው አካል በ2017 "ከ2027 ጀምሮ መግቢያው ዶክትሬት ብቻ ይሆናል" ብሎ ነበር። ሙያው ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሳ፣ ውሳኔው በአየር ላይ ቀረ፣ በ2019 ደግሞ ሁለቱም መንገዶች እንዲቀጥሉ ተወሰነ። ስለዚህ ዛሬም በማስተርስ መግባት ይቻላል። የማይቻለው በባችለር ነው፣ እሱ ከ2007 ጀምሮ ቀርቷል።

ማስተርስ የጨረሰም ዶክትሬት የጨረሰም የሚቀመጠው ለአንድ ፈተና ነው፣ ኤንቢሲኦቲ ለሚባለው አገር አቀፍ የሙያ ፈተና። ላይሰንሱም አንድ ነው። ሥራ ቦታም የሚሰጣቸው በሽተኛ አይለይም፣ መነሻ ደሞዛቸውም ብዙ ቦታ ያው ነው። ዶክትሬቱ ጊዜውን ወደ ሦስት ዓመት ያስጠጋዋል፣ መጨረሻ ላይም የ14 ሳምንት ካፕስቶን (የማጠቃለያ ፕሮጀክት) አለበት። ማስተርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ካላለምሽ በቀር ሁለት ልጅ ይዘሽ ለተጨማሪው ዓመት የምትከፍይበት ምክንያት አይታየኝም። ዶክትሬት ያላቸው ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፣ እኔ ግን አቋሜ ይሄ ነው።

ዲግሪሽ ይቆጠራል፣ በማንኛውም ዘርፍ ባችለር ያለው ማመልከት ይችላል። ከአገር ቤት ስለሆነ እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ ድርጅት ማስገምገም አለብሽ፣ ስታዝዢ "ኮርስ በኮርስ" የሚለውን ምረጪ፣ ጠቅላላውን ብቻ ካስገመገምሽ ትምህርት ቤቶቹ አይቀበሉሽም። ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲልክ ስለሚፈልጉ አገር ቤት ያለ ሰው ሬጅስትራር ድረስ ሄዶ እንዲከታተልልሽ ዛሬውኑ አስጀምሪ። እኔ የማውቃቸውን አበሾች ከምንም በላይ ያዘገያቸው ይሄ ወረቀት ነው።

ከዚያ ፕሪሪኩዚት፣ ማለትም ከመግባትሽ በፊት የሚያልቁ ኮርሶች አሉ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት ከነላቡ፣ ስታቲስቲክስ፣ ዴቨሎፕመንታል ሳይኮሎጂ፣ አብኖርማል ሳይኮሎጂ፣ አንድ ሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ፣ አንዳንዱ ሜዲካል ተርሚኖሎጂም ይጨምራል። አገር ቤት የወሰድሻቸው ካሉ ከመድገምሽ በፊት ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ጽፈሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ "ኮርሱ ከዚህ ዓመት ወዲህ የተወሰደ መሆን አለበት" የሚል ገደብ አላቸው፣ ገደቡም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። የሚደገም ካለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውሰጂው፣ ያው ኮርስ በጣም ባነሰ ዋጋ ነው። አናቶሚን ግን ቀለል ባለ ሴሚስተር፣ ብቻውን ያዢው። ከቢ በታች ካመጣሽ ብዙ ቦታ አይቀበሉልሽም።

ትምህርት ቤት ስትመርጪ የሕንጻውን ፎቶ አትዪ። እውቅና እንዳለው አኮቲ ድረ ገጽ ላይ ራስሽ ፈልጊ። አዲስ የተከፈተ ከሆነ ገና እጩ ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ከመመረቅሽ በፊት ሙሉ እውቅና ካላገኘ ለፈተናው መቀመጥ አትችይም። ከዚያ የፈተና ማለፊያ ውጤታቸውን እዪ፣ የየትምህርት ቤቱ በግልጽ ይወጣል። አኮቲ የሦስት ዓመት አማካዩ ከ80 በመቶ እንዳይወርድ ይጠይቃል፣ እኔ ግን 80 ላይ የሚንገዳገድ ትምህርት ቤት አልገባም። አንቺ አካባቢ ታውሰን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የስቴት ስለሆነ ለሜሪላንድ ነዋሪ ይረክሳል። ዲሲ ውስጥ ሃዋርድም ያስተምራል። ማመልከቻው በአብዛኛው ኦቲካስ በሚባለው የጋራ ሲስተም ነው፣ በየዓመቱ በሰመር ይከፈታል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች እንደመጣ እያዩ ስለሚቀበሉ ቀድመሽ አስገቢ።

አቤል ሚኒሶታ፦

ቤዛ ያለችው ላይ የኦቲኤውን ልጨምር። እኔ ኦቲኤ ነኝ፣ አሁን በዊኬንድ ፕሮግራም ወደ ኦቲ እየተሻገርኩ ነው።

ኦቲኤ መጥፎ መንገድ አይደለም። ሁለት ዓመት ገደማ ነው፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ይገኛል፣ ፊልድወርኩ (የተግባር ልምምዱ) 16 ሳምንት ነው። ደሞዙም ከሲኤንኤ ጋር አይወዳደርም። በመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሠረት በ2023 የኦቲኤ መካከለኛ የዓመት ደሞዝ 67 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፣ የኦቲ ደግሞ 96 ሺህ አለፍ ይላል። እኔ ባችለር ስላልነበረኝ ለኔ ትክክለኛው መንገድ ነበር።

አንቺ ግን ባችለር አለሽ። ለዚህ ነው ደግመሽ አስቢበት የምልሽ። የኦቲኤ ኮርሶች ወደ ማስተርሱ በአብዛኛው አይሻገሩም፣ ማለትም ሁለት ዓመት ተምረሽ ማስተርሱን እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምሪዋለሽ። ወደ ኦቲ የሚያሻግሩት የብሪጅ ፕሮግራሞች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ሌላም አለ። ከ2022 ጀምሮ ሜዲኬር ፓርት ቢ (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ረዳት ለሰጠው ሕክምና የሚከፍለው ለኦቲው ከሚከፍለው 85 በመቶውን ነው፣ ስለዚህ አንዳንድ ቀጣሪ ኦቲውን ይመርጣል። ግምገማና የሕክምና እቅድም የኦቲው ሥራ ነው፣ ረዳቱ በእቅዱ መሠረት ያክማል። አንቺን የማረከሽ ያ ሸሚዝ የማስለበሱ ሥራ ከሆነ እሱን ኦቲኤውም ይሠራዋል፣ በሥራው ደግሞ እኮራበታለሁ። ሰውየው ምን እንደሚያስፈልገው ከመሠረቱ መወሰኑን ከፈለግሽ ግን ቀጥታ ማስተርስ ግቢ።

በአስቸኳይ የገቢ ለውጥ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እሱን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ሳሮን አትላንታ፦

ሁለተኛ ዓመት ማስተርስ ነኝ፣ አሁን ፊልድወርክ ላይ ነኝ። ትምህርቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አልነገረሽምና እኔ ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ዓመት አናቶሚ፣ ኒውሮሳይንስና ኪኒሲዮሎጂ ነው። አስከሬን ላይ ነው የተማርነው። እያንዳንዱ የክንድና የእጅ ጡንቻ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ነርቭ እንደሚያዘው ታጠኛለሽ። ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቮች መረብ፣ ሳታዪ እስክትስዪው ድረስ ትስዪዋለሽ። ኒውሮው ከሁሉም ይከብዳል፣ ግን ስትሮክ የመታው ሰው ለምን ግራ ጎኑን ጭራሽ እንደሌለ እንደሚረሳው፣ ለምን ሳህኑ ላይ ያለውን ምግብ ግማሹን ብቻ በልቶ "ጨረስኩ" እንደሚል የገባኝ እዚያ ነው። አንቺ ሥራ ቦታሽ ይሄን አይተሽዋል፣ ምክንያቱን ስታውቂው ሌላ ሰው ትሆኛለሽ።

ከዚያ ወደ ሙያው ልብ ትገቢያለሽ። አንድ ሥራ ተሰጥቶን ወደ ጥቃቅን እርምጃ እንድንበትነው ታዘዝን። ሌሎቹ ጥርስ መፋቅና ሳንድዊች መሥራት መረጡ፣ እኔ ቡና ማፍላት መረጥኩ። ሲበተን ጉድ ነው! በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ዳሌና ጉልበት ይፈልጋል። መቁላቱ ሁለት እጅ፣ ሙቀት የሚለይ ቆዳ፣ ሽታውን ተከትሎ የሚያቆም አእምሮ ይፈልጋል። ጀበናውን ለማዘንበል የእጅ አንጓ ቁጥጥር አለ፣ አተላው እንዳይወርድ ደግሞ የኃይል ልክ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ቅደም ተከተል መያዝ አለ። እንግዳ እያጫወቱ ይሄን ሁሉ ማድረግ ደግሞ ለተጎዳ ጭንቅላት ከባድ ሥራ ነው። አስተማሪዬ ክፍሉ ፊት አስነሳችኝና ሁሉም ሰው ጥያቄ በጥያቄ አደረገኝ።

ፊልድወርኩን ግን ከአሁኑ እወቂው። ሌቭል ሁለት የሚባለው ቢያንስ 24 ሳምንት፣ ሙሉ ሰዓት፣ ያለ ክፍያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 12ና 12 ሆኖ በሁለት የተለያየ ቦታ ይከፈላል። ቦታውን የሚመድበው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ከቤትሽ ርቆ ሊደርስሽ ይችላል። በሙሉ ሰዓት ፊልድወርክ ላይ ሆኖ ሺፍት መያዝ በጣም ከባድ ነው፣ ከኛ ክፍል የሞከሩ ነበሩ፣ ጤናቸውን ነው የከፈሉበት። ደንቡ ግን ከሙሉ ሰዓት ግማሽ እስካላነሰ ድረስ በፓርት ታይም መሥራትን ይፈቅዳል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ኢንተርቪው ላይ "ልጆች አሉኝ፣ ፓርት ታይም ፊልድወርክ ታመቻቻላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። የሚመልሱልሽ መልስ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ ይነግርሻል።

ፈተናውን አትፍሪው። አራት ሰዓት ነው፣ ማለፊያው 450 ነው። ፊልድወርኩን በደንብ የሠራ ሰው ያልፈዋል።

ዳዊት ሲያትል፦

እኔ ኦቲ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ናት። የገንዘቡን ነገር ግን ቤታችን ውስጥ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ይሄን ልበል፣ ምክንያቱም ሕጉ ተቀይሯል፣ የድሮ ምክር ይዛችሁ እንዳትሳሳቱ።

ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። ድሮ በግራድ ፕላስ ትምህርት ቤቱ የጠየቀውን ሁሉ መበደር ይቻል ነበር። አሁን ለግራጁዌት ተማሪ ጣሪያው በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ነው። ለሕክምናና ለሕግ ዓይነቱ ከፍ ያለ ጣሪያ አለ፣ የትምህርት ሚኒስቴሩ ባቀረበው ዝርዝር ውስጥ ግን ኦቲ አልተካተተም። የግል ዩኒቨርሲቲ የኦቲ ማስተርስ ትምህርቱ ብቻ ከዚያ ጣሪያ በላይ የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው። ልዩነቱን በግል ባንክ ብድር ሙዪ ይሉሻል፣ ያኔ ነው ቤተሰብ የሚታነቀው። የግል ብድር ብዙ ጊዜ ኮሳይነር (ዋስ) ይጠይቃል፣ የፌዴራሉ ዓይነት ከለላም የለውም።

ስለዚህ ቤዛ ማስተርስና የስቴት ትምህርት ቤት ያለችው ድሮ ጥሩ ምክር ነበር፣ አሁን ግን ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ማመልከቻ) መሙላት ትችያለሽ። ፕሪሪኩዚቶቹን ደግሞ ቀጣሪሽ እንዲከፍልልሽ ጠይቂ፣ ብዙ ተቋማት ለሠራተኛ የትምህርት ድጋፍ አላቸው፣ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ አይነካውም። ነርሲንግ ብቻ ነው የምንከፍለው ካሉሽ አናቶሚ ለሁለቱም እንደሚያስፈልግ አስታውሻቸው።

ስትጨርሺ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ውስጥ ከሠራሽ 120 ወርሃዊ ክፍያ ከከፈልሽ በኋላ የቀረው የፌዴራል ዕዳ ይሰረዛል። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ውስጥ ናት። ሰዓቱ ከልጆቹ ጋር ይገጥማል፣ ክረምቱንም አብረን ነን፣ ደሞዙ ግን ከሆስፒታል ያንሳል።

አስቻለው ጎንደር፦

ሰላም ናችሁ። ከአገር ቤት ነው የምጽፈው፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስለ አሜሪካው የምጨምረው የለኝም፣ ግን ይሄን የሚያነቡ አገር ቤት ያሉ ልጆች ካሉ ብዬ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦቲ ትምህርት በባችለር ደረጃ ይሰጣል፣ በአገራችን የመጀመሪያው ነው፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ባለው ትብብር የመጣ ነው። ለዓለም አቀፉ የሙያ ፌዴሬሽን የባችለር መግቢያ በቂ ነው፣ ማስተርስ ግዴታ የሆነው እንደ አሜሪካና ካናዳ ባሉ አገሮች ነው። ስለዚህ ይሄን ሙያ የወደደ ሰው ሁሉ የግድ ውጭ መውጣት የለበትም።

እዚህ ያለው ሥራ ደግሞ ይለያል። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ነው፣ ውኃው ከውጭ ይቀዳል፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ደረጃ አለ። ዊልቸሩ ቢገኝ መንገዱ አያስኬደውም። ስለዚህ ከሰፈር አናጺ ጋር ሆነህ መሃሉ ቀዳዳ ያለው ወንበር ታሠራለህ፣ ማንኪያው እጀታ ላይ ጨርቅ ትጠመጥማለህ። ትዕግስት፣ ተምረሽ ስትጨርሺ ለዕረፍት እንኳ ስትመጪ ብቅ በይ፣ ልምድ የሚያካፍል ሰው በጣም ያስፈልጋል።

ትዕግስት ሜሪላንድ፦

ምን ብዬ ላመስግናችሁ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩለት። ኦቲኤውን ተውኩት፣ ማስተርስ ነው። ጎንደር ይሄ መኖሩን ጭራሽ አላውቅም ነበር፣ አስቻለው ተባረክ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አነጋገሬ አክሰንት አለው፣ በሽተኛ ይሰማኛል ወይ፣ ኢንተርቪው ላይስ ይጎዳኛል ወይ ብዬ እሰጋለሁ። አማርኛ መቻሌስ እውነት ይጠቅማል ወይስ ለማጽናናት ነው ሰው የሚለኝ?

ቤዛ ቨርጂኒያ፦

አክሰንትሽን ተዪው። በዝግታ የሚናገር ቴራፒስትን ስትሮክ የመታው ሰው ይወደዋል።

አማርኛው ግን ለማጽናናት የሚባል አይደለም። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥሽ። ቀኝ እጃቸው የማይሠራ እናት መጡ። ቻርታቸው ላይ "ምግብ እምቢ ይላሉ" ተብሎ ተጽፏል፣ ድብርት ነው ተብሎ መድኃኒት ሊጀመርላቸው ነው። ግራ እጃቸው ደህና ነው፣ ማንኪያም ይይዛል፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ ራሳቸውን ችለው ይበላሉ። ቁጭ ብዬ በአማርኛ ሳጫውታቸው "ልጄ፣ በግራ እጄ ሰው ፊት ልብላ?" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር ነገሩ። ነውር ሆኖባቸው ነው የተራቡት። ከዚያ በኋላ ለብቻቸው እንዲበሉ አደረግን፣ ጎን ለጎን ቀኝ እጃቸውን በእጄ ደግፌ ጉርሻ እስኪያነሱ ድረስ ሠራን። ይሄን የሚያወጣ አስተርጓሚ ሳይሆን ምን እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሌላም አለ። ዳሌ የተቀየረላቸው ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፉ ይነገራቸዋል። አሜሪካዊው ቴራፒስት ስለ ሶፋና ስለ መኪና ወንበር ይጠይቃል። ስለ በርጩማና ስለ ስግደት ማን ይጠይቃቸዋል? ጾም ሲገባ ወጥተው የሚሰግዱ እናቶች ናቸው እኮ። ለሙስሊም አባቶችም እንደዚያው ነው፣ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ እንደሚቻል ከኢማማቸው ጋር እንዲነጋገሩ ማለት የሕክምናው አንድ አካል ነው። ትምህርት ቤት ስትገቢ ሲኦፒኤም የሚባል መጠይቅ ትማሪያለሽ፣ በሽተኛው ራሱ የሚያስጨንቀውን ነገር ይመርጥና ምን ያህል እንደሚችለውና ምን ያህል እንደረካ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። ያ መጠይቅ በራሱ ቋንቋ ለሚመልስ ሰው ሌላ መልስ ነው የሚያወጣው።

ኢንተርቪው ላይ ይሄንኑ ተናገሪ፣ ስለ "ሰው መርዳት እወዳለሁ" አታውሪ፣ እሱን ሁሉም ይላል። አሁን ግን ከዚያ በፊት የሚሠራ አለሽ። የኦብዘርቬሽን (ኦቲ ሲሠራ የማየት) ሰዓት የሚጠይቁ ፕሮግራሞች አሉ፣ ቁጥሩ ይለያያል፣ የተዉትም አሉ። ሥራ ቦታሽ ያለችውን የሪሃብ ዳይሬክተር "ከሺፍቴ ውጭ ኦቲዎቹን ልከተል" ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ፣ በኢሜይል ያልኩሽ ማስረጃ እንዲኖርሽ ነው። ነርሲንግ ሆም ብቻ እንዳይሆን ደግሞ ከሕጻናት ጋር የሚሠራ ክሊኒክም ጨምሪ። እኔ ያለሁበት መምጣት ከፈለግሽ ውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሱፐርቫይዘሬን አነጋግራለሁ።